ሳህዊራ ያመጣው እንቁላል

መስቀል የተጻፈበት ጎን ወደ ታች፣ ክብ የተጻፈበት ወደ ላይ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በጣቶቼ ጫፍ እያገላበጥኩ ወደ ውስጠኛው ረድፍ ስደርስ እጄን እስከ ክርኔ ማስገባት ነበረብኝ። የሳጥኑ ሙቀት ክንዴን ሲያገኘው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ሰው ተኝቶበት በተነሳ አልጋ ላይ መዳፍን እንደ ማሳረፍ ነው። በመጨረሻ፣ ጥግ ላይ ያሉትን፣ ምንም ያልተጻፈባቸውን ሦስት የገብስማ ዶሮዬን እንቁላሎች አዙሬ በሩን ዘጋሁ። እነሱ ከውድድሩ ውጭ ናቸው። ቦታ ስለተረፈ ብቻ ያስገባኋቸው ናቸው።

ሳጥኑ የሞተ ፍሪጅ ነው። ባሌ ፉንጋይ ሞተሩን አውጥቶ፣ ከታች ፋኖስ የሚገባበት ቀዳዳ ቆርጦ፣ ሙቀቱ በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ እንዲዞር፣ ጭሱ ግን በጀርባ በኩል እንዲወጣ አድርጎ ሠራው። አየሩ እንዳይደርቅ ውስጡ ውሃ የተሞላ የሰርዲን ጣሳ አለ። በሩ ላይ በገጠማት ትንሽ መስታወት የሙቀት መለኪያው ይታያል። ሙቀቱ ሲበዛ የፋኖሱን ክር ዝቅ፣ ሲያንስ ከፍ ማድረግ የእኔ ሥራ ነው። ፉንጋይ ከሞተ ወዲህ ክሩን ሳላየው፣ ከሽታው ብቻ ማወቅ ጀምሬአለሁ።

የማታሪሮ ማሽን ሌላ ነው። ቢጫ ፕላስቲክ፣ ክዳኑ ውስጡን የሚያሳይ፣ እንቁላሉን ራሱ የሚያገላብጥ፣ ሙቀቱን በቀይ ቁጥር የሚጽፍ፣ ውሃ ሲጎድልበት የሚጮህ። መዋሸት አልችልም፤ መጀመሪያ ያየሁት ቀን እኔም ተመኝቼው ነበር። ግን መብራት ይፈልጋል፤ በእኛ በቡሄራ ደግሞ መብራት እንደ ዝናቡ ሲያሰኘው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሶላር ይገዛል፣ ለሶላሩ ባትሪ ይገዛል፣ ሰማዩ ዳመና ሲሆን ደግሞ ይጸለያል። የእኔው የሚፈልገው ላምባና ከእንቅልፏ እየተነሳች የምታየው ሴት ነው።

የመንደራችን የሴቶች ማኅበር ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ነበር። ከየቤቱ እንቁላል ተሰብስቦ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ለእኔ ሳጥን፣ ግማሹ የማኅበሩ ሊቀመንበር በሆነችው በታፊሬይ እናት ቤት ለተቀመጠው ማሽን። የተሻለ የፈለፈለው፣ ከዚያ በኋላ የማኅበሩ እንቁላል በሙሉ ወደ እሱ ይሄዳል።

ለሌሎቹ ይህ የጫጩት ጉዳይ ነበር። ለእኔ የልጄ የሹቫይ ጉዳይ ነበር። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋራይ፣ እኔ ባባሙኩሩ የምላቸው፣ የሐዘኑ ዓመት ሲያልቅ ጠርተው አስቀመጡኝና፣ «እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ትበያለሽ? መሬቱ አሸዋ ነው» አሉኝ። «ሥራ ካለሽ አሳዪኝ። ከሌለሽ ወደ ወንድምሽ፣ ወደ ቺቱንግዊዛ ሂጂ። ልጅቷ ግን የእኛ ደም ናት፤ እዚሁ ትቀራለች።» ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። በእኛ ዘንድ ልጅ የአባቱ ወገን ነው። ማኅበሩ ሳጥኑን ከመረጠ ሥራ አለኝ፤ ሥራ ካለኝ ልጄ አለችኝ።

ማሽኑን ከከተማ እያመጣ የሚሸጠው ማታሪሮ ነው። ማታሪሮ ደግሞ የቤተሰባችን ሳህዊራ ነው። ሳህዊራ ዘመድ አይደለም፤ ጓደኛም ብቻ አይደለም። የእሱ አያት የባሌን አያት ቀበሩ፣ አባቱ አባቱን፣ እሱ ደግሞ ፉንጋይን። መቃብር የሚቆፍር እሱ፣ በለቅሶ መሃል የሚያስቅ እሱ፣ ማንም የማይደፍረውን እውነት ፊት ለፊት የሚናገር እሱ። ቤታችን ሲገባ አይጠይቅም። ድስት ይከፍታል፣ ካሰኘው ዶሮ ይይዛል፣ ይሰድበናል፣ እንሰድበዋለን። በሳህዊራ መቆጣት ነውር ነው።

ያን ፍሪጅ ከከተማ በበሬ ጋሪ ያመጡት ማታሪሮና ፉንጋይ አብረው ነበሩ። በቀብሩ ዕለት ማታሪሮ የፉንጋይን ኮት ለብሶ፣ እንደ ፉንጋይ ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ወደ ሳጥኑ ሄደ። በሩን ከፈተና በፉንጋይ ድምፅ፣ «እንዴት አደራችሁ ልጆቼ፣ በረዳችሁ እንዴ?» አላቸው እንቁላሎቹን። እህል አፌ ካልገባ ቆይቶ ነበር። ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ በላሁ።

ስለዚህ የውድድሩ እንቁላል የት ይሰብሰብ ሲባል፣ «መንገድ ዳር ነው፣ ለሁሉም ይቀርባል፤ በሳህዊራችን ሱቅ ይሁን» ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ።

ያመጣልኝ ዕለት ሴቶቹ ግቢዬ ተሰብስበው ነበር። ካርቶኑን አናቱ ላይ ተሸክሞ ገና ከሩቁ ጮኸ።

«የሹቫይ እናት! ነይ ተቀበይ! ላምባሽ እንዳያልቅብሽ ብዬ ግማሹን ሥራ ጨርሼልሻለሁ። በሙቅ ውሃ ነክሬ ነው ያመጣሁልሽ። አንቺ ጨው ብቻ አዘጋጂ!»

«አንተ ራስህ ውሃ ከነካህ ስንት ጊዜህ ነው?» አልኩት። «እንቁላል ከማጠብህ በፊት እግርህን አትታጠብም?»

«እግሬን ከታጠብኩማ ሚስቴ የማን ሰው ነህ ብላ በር ትዘጋብኛለች!»

የታፊሬይ እናት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ካርቶኑን ስቀበለው እንቁላሎቹ ለብ ያሉ ነበሩ። የመንገዱ ፀሐይ መስሎኝ ነበር።

እንቁላሉ ጽንስ መያዙ በብርሃን የሚታይበት ቀን ሲደርስ ሴቶቹ መጀመሪያ የታፊሬይ እናት ቤት ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። የእጅ ባትሪውን ከእንቁላሉ ሥር ሲይዙት ቅርፊቱ ውስጥ ቀያይ የደም ሥሮች ተዘርግተው ታዩ። ባዶ የወጡት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ቅርጫት ውስጥ ለይታ አስቀመጠች። ጥሩ ነው፣ አልኩ በልቤ። የእኔም ከዚህ አያንስም።

ከዚያ ወደ እኔ ማድ ቤት መጡ። በሩን ዘግተን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። የመጀመሪያው እንቁላል እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። እስከ ረድፉ መጨረሻ አንድም ሥር አልታየም።

«ምናልባት አውራ ዶሮ ያልነካቸው ይሆናሉ» አለች አንዷ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ሌላዋ። «የእኔ አውራ እንኳን ዶሮ፣ የዶሮ ጥላም አያልፍ!»

«ጭሱ ይሆናል እንግዲህ።»

«ወይ ሙቀቱ በዝቶባቸው።»

ማታሪሮ ከኋላ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል። «ወዳጄ ፉንጋይ እኮ አናጢ ነበር» አለ። «ሳጥን ሥራ ሲሉት እጁ የለመደውን ሠራ። የሬሳ ሳጥን።»

ሴቶቹ በልብሳቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የሳህዊራ ቀልድ ነው፤ አለመሳቅ አይቻልም። አፌ ሳቀ። የታፊሬይ እናት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «አይዞሽ፤ መቼም አይተነዋል፤ የማሽኑ ይሻላል» አለችኝና ሁሉም ወጡ።

ብቻዬን ስቀር ፋኖሱ ፊት ተንበረከክሁ። በዚያች ሰዓት ፉንጋይን ወቀስኩት። ቱቦውን አጥብበኸው ነበር፣ አልኩት። መለኪያውን የሸጠልህ ሰው አታልሎህ ነበር። ሞቶ ሊመልስልኝ በማይችለው ሰው ላይ አንድ በአንድ ጥፋት ቆጠርኩበት። ክሩን ዝቅ አድርጌ ላጠፋው ስል ጥግ ላይ ያሉት ሦስቱ የገብስማዋ እንቁላሎች ትዝ አሉኝ።

አንዱን አንስቼ ባትሪውን ከሥሩ ያዝኩ። ቀይ ሥሮች። ከሥሮቹ መሃል ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ነጥብ ትዘል ነበር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ።

አንድ ሳጥን፣ አንድ ፋኖስ፣ አንድ ጭስ። የእኔዎቹ ሕያው፣ የማኅበሩ በሙሉ ሙት። ቀጥሎ ማሰብ ያለብኝን ነገር ማሰብ አልፈለግሁም።

ከማኅበሩ እንቁላል አንዱን ሳህን ላይ ሰበርኩ። ነጩም አስኳሉም ፈሰሰ፤ የቅርፊቱ ውስጥ ግን አልጠራም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የበሰለ ነጭ ተለጥፎበት ቀርቷል። ሌላ ሰበርኩ፤ ያው ነው። ሌላም። የፋኖስ ሙቀት ቢሆን ኖሮ የገብስማዋንም ባበሰለ ነበር። እንቁላልን በሙቅ ውሃ ለትንሽ ጊዜ ነክሮ ማውጣት ነጋዴዎች እንዳይበላሽባቸው የሚያደርጉት ነገር ነው። ከውጭ ሲያዩት አያስታውቅም፤ ውስጡ ያለው ነፍስ ግን ይሞታል።

በሙቅ ውሃ ነክሬ ነው ያመጣሁልሽ።

ነግሮኝ ነበር። በሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ ስሜን ጠርቶ።

ቅርፊቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ታፊሬይ እናት ሮጥኩ። ከቅርጫቷ ውስጥ ባዶ ከወጡት አንዱን አንስቼ ፊት ለፊቷ ሰበርኩት፤ የቅርፊቱ ውስጥ ንጹሕ ነበር። የእኔን ከጎኑ አስቀመጥኩ። ሁለቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ነግሮናል እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ቀልድ መስሎኝ ነዋ!»

«ለሁላችንም መስሎናል። ስቀናል። አንቺም ስቀሻል፤ እንዲያውም እግርህን አትታጠብም ወይ ብለሽዋል።»

«ሸንጎ እከሰዋለሁ።»

«ማንን? ሳህዊራሽን?» ወንበር ሳበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። «ስሚ እህቴ። ቤትሽ ገብቶ ዶሮሽን ቢያርድ ትከሺዋለሽ? አትከሺውም። እንግዲህ ያልተፈለፈሉ ዶሮዎች አረደ ነው የሚሉሽ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይስቃሉ።»

«ልጄን ነው የሚያስቀሩብኝ።»

እጇ የማሽኑ ቢጫ ክዳን ላይ ነበር፤ ከሥሩ ቀዩ ቁጥር ይበራል። «ሌሎች ማሽኖችም እንዲያመጣልን ቃል ሰጥተነዋል» አለች፣ ሳታየኝ። «እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?»

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መንገዱን ያውቀው ነበር እንጂ እኔ አላየሁትም። ሰው ሲዋሸኝ ደርሶብኝ ያውቃል። ውሸት የሚያዝ ነገር ነው፤ ጫፉን ይዘህ ትስበዋለህ። ማታሪሮ ግን እውነቱን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ በገዛ ሳቄ ሸፍኖት ነው የሄደው። ማን ውሸታም ሊለው ይችላል? ደግሞ ወደ ኋላ ማሰብ ጀመርኩ። በቀብሩ ዕለት ኮቱን ለብሶ በሩን ሲከፍት ስለ እኔ ነበር ወይስ ሳጥኑን ሊያይ? ይህን ማሰቤ ከሁሉም ይልቅ አመመኝ። ያቺ ሳቅ በዚያ ሳምንት የነበረችኝ ብቸኛ ንብረት ነበረች።

እሑድ ባባሙኩሩ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በግቢዬ አለፉ። በግቢዬ ዛፍ ጥላ ሥር ዳጉሳ እያበጠርኩ ነበር። ከመሬት በወጣው የዛፉ ሥር ላይ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰማሁ» አሉ።

«የሰሙት ግማሹን ነው፣ ባባሙኩሩ።»

ተነሥቼ ቅርፊቶቹን አመጣሁላቸው፤ የገብስማዋንም እንቁላል በብርሃን አሳየኋቸው። የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። አንዱን ቅርፊት በአውራ ጣታቸው ፈተግ አደረጉት፤ ነጩ ልጣጭ ተነሥቶ ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ማታሪሮ ነው?» አሉ። ከዚያ፣ ከልማድ፣ ሳቅ አሉ። «ተይ እንጂ። ቀልዶ ይሆናላ።»

መልስ ሳልሰጥ ማታሪሮ ራሱ በአጥሩ ክፍተት ገባ። ሳህዊራ በበር አይገባም። ቀጥታ ወደ ማድ ቤት ሄዶ ድስቱን ከፈተ፤ የተረፈ ሳድዛ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ በጣቱ ቆርሶ እያኘከ ወጣ።

«የሹቫይ እናት፣ ይህ ሳድዛ ነው ወይስ የጡብ ጭቃ? ፊትሽስ ምን ሆነ፣ ንብ ነደፈሽ?» ከፊቴ ቁጢጥ አለ። «እንቁላሎቹን ሰብረሽ አየሽ አሉ። ነግሬሽ አልነበር? ጨው አዘጋጂ አላልኩሽም? አየህ ጋራይ፣ የዚህች ሴት ጆሮ ለጉትቻ ብቻ ነው!»

ባባሙኩሩ ሳቁ። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

«ለምን?» አልኩት።

ማኘኩን አቆመ። ባባሙኩሩ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የቀልዱ ድምፅ አልነበረም፤ የገዛ ድምፁ ነው። «ያንቺ ሳጥን ቢያሸንፍ እኔ ማሽኑን ለማን እሸጠዋለሁ? በዚህ አገር ፍሪጅ የሞተበት ሁሉ ፋኖስ ይከትበት ነበር። ፉንጋይ በጣም ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። እሱ ነው ችግሩ።» አገጩን በክንዱ ጠረገ። «አሁን ስሚኝ። ሳቂና ይለፍ። አንቺ ከሳቅሽ ነገሩ ቀልድ ነው። ቀልድ ከሆነ፣ ለጋራይ አሁኑኑ እነግረዋለሁ፤ አንቺንም ልጅቷንም ከዚህ ግቢ የሚያነቃንቃችሁ አይኖርም። ቃሌ እዚህ ቤት እንደሚሰማ ታውቂያለሽ። በሱቄም ሥራ አለ፤ ማሽኖቹን ትጠብቂልኛለሽ። አንዴ ብቻ ሳቂ።»

እውነቱን ነበር። ማድረግ ይችላል። ሳቁም ሩቅ አልነበረም፤ አፌ መንገዱን ያውቀዋል። ሹቫይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት ድምፅዋ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኝ ነበር።

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ተነሣሁ፣ ከቀሚሴ ላይ ገለባውን አራገፍኩ፣ ሻሼን አስተካከልኩ። ከዚያ ፊቱ በሁለት ጉልበቴ ተንበረከክሁና መዳፎቼን ጎድጎድ አድርጌ ቀስ ብዬ አጨበጨብኩለት፤ ከሩቅ ለመጣ፣ ለማናውቀው እንግዳ እንደሚጨበጨበው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ማታሪሮ። ከቤት ሁሉም ደህና ናቸው?»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልጆቹስ ደህና ናቸው?» አጨበጨብኩ። «ዝናቡ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?»

«ተነሺ እንጂ! ጋራይ፣ ይህችን ሴት ተነሺ በላት!»

ባባሙኩሩ አይስቁም ነበር። እጆቼን ያዩ ነበር። የተጨበጨበለት ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ የሰው ድስት አይከፍትም። እንግዳ በሸንጎ ይጠየቃል። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ባባሙኩሩ «ተነሺ» ቢሉኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እኔ ያበድኩ ሴት እሆናለሁ፣ እሱ ሳህዊራ ሆኖ ይቀራል።

ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በርጩማ ይዘው ነበር። አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉና ማታሪሮ ፊት አስቀመጡት።

ከአያቶቻቸው ጀምሮ በዚህ ግቢ ለሳህዊራ በርጩማ ቀርቦለት አያውቅም። ሳህዊራ መሬቱ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ካሰኘውም አልጋችን ላይ ይቀመጣል።

«ይቀመጡ» አሉት ባባሙኩሩ።

ማታሪሮ በርጩማውን አየ። ሳድዛ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገው። «ሦስት ትውልድ» አለ። «በእንቁላል?»

«ሐሙስ ሸንጎ አለ» አሉ ባባሙኩሩ። «እዚያ ይነግሩናል።»

የሚቀልደው ነገር የፈለገ መሰለኝ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ግን የሚስቅለት ሰው አልነበረም። ዞረና ወጣ፤ በአጥሩ ክፍተት ሳይሆን በበሩ።

ባባሙኩሩ በርጩማው ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ወደ ፉንጋይ መቃብር አቅጣጫ ተመለከቱ።

«እንግዲህ እኛን ማን ይቀብረናል?» አሉ። እኔን መጠየቃቸው አልነበረም።

ጥላው እግራቸውን አልፎ ሲሄድ ኮፍያቸውን አነሡ። «ሚስቴ ነገ ከራሷ ዶሮዎች እንቁላል ይዛ ትመጣለች። እንደገና ይታያል። እስከዚያ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትሁን።»

«እሺ፣ ባባሙኩሩ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጥቂት ጠብቄ ደስታውን ፈለግሁት፤ አልመጣም። የመጣው፣ አንድ ሰው ከቤታችን ተነሥቶ የሄደበት ዓይነት ባዶነት ነበር፤ ለእሱ ደግሞ ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ኮቱን ለብሶ የሚያስቅም የለም።

ሰፌዱን አነሣሁ። ነፋስ እስኪመጣ ጠበቅሁና ዳጉሳውን ወደ ላይ ወርወር እያደረግሁ አበጠርኩት፤ ገለባው ወደ አጥሩ በረረ። የቀሩትን ጠጠሮች በጥፍሬ እየለቀምኩ ጣልኩ። ንጹሑን ወደ እንስራው ገለበጥኩ፣ አፉን በክዳኑ ገጠምኩ፣ ግድግዳው ሥር አስጠግቼ አስቀመጥኩት።